ናትናኤል ሄሬሾፍና ከውሃ በታች ያለው ክብደት

በእንጦጦ ተራራ ላይ ነፋስ በበረታ ጊዜ በራጉኤል ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ያሉትን ረጃጅም ባሕር ዛፎች የተመለከተ ሰው፣ ጫፋቸው እየተወዛወዘ ግንዳቸው የማይወድቀው ስለ ምን እንደ ሆነ ለመረዳት አይቸገርም። ዛፉን የያዘው ከመሬት በታች የተሰወረው ሥሩ ነው። እንግዲህ በውሃ ላይ የሚንሳፈፍ፣ ሥር የሌለው፣ ነገር ግን እጅግ ሰፊ ሸራ የተሸከመ ጀልባ በነፋስ ጊዜ ምን ይዞት ይቆማል? ይህን ጥያቄ ዕድሜውን ሙሉ ሲመረምር የኖረና በዚሁ ሥራው በዓለም ስሙን ያስጠራ አንድ ሰው ነበረ። እርሱም አሜሪካዊው ናትናኤል ሄሬሾፍ ነው።

በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ የዚህን ሰው ታሪክ ለማቅረብ የመረጥነው ስለ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ሄሬሾፍ የተጠቀመበት ዕውቀት እኛ በፊዚክስና በጂኦሜትሪ ክፍለ ጊዜ የምንማረው ስለ ሆነ ነው። ሁለተኛው፣ ታሪኩ የአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን የሁለት ወንድማማቾች ታሪክ ስለ ሆነ ነው። በጽሑፋችን የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነቱና ወንድሙ

ናትናኤል ሄሬሾፍ በአሜሪካ አገር፣ በሮድ አይላንድ ግዛት፣ ብሪስቶል በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ማርች 18 ቀን 1848 ዓ.ም. ተወለደ። ወላጆቹ ዘጠኝ ልጆች ነበሯቸው። አባቱ በሸራ ጀልባ መጓዝን አጥብቆ የሚወድ ሰው ስለ ነበረ፣ ልጆቹ ገና በሕፃንነታቸው ከውሃና ከነፋስ ጋር ተዋወቁ።

ከወንድሞቹ መካከል ጆን የሚባለው ናትናኤልን በሰባት ዓመት ይበልጠው ነበር። ጆን በልጅነቱ ጀልባ መሥራት የጀመረ ብርቱ ልጅ ነበረ። ነገር ግን ዕድሜው 15 ዓመት ገደማ ሲሆን የሁለቱም ዓይኖቹ ብርሃን ጠፋ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ መከራ የደረሰበት ልጅ ሥራ ሠርቶ ራሱን ይችላል ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ አልነበረም። ጆን ግን መሣሪያውን አላስቀመጠም። የእንጨቱን ልስላሴና የጀልባውን ጎን ጉብጠት በመዳፉ እየዳሰሰ መሥራቱን ቀጠለ። በሸራ ሲጓዝም ነፋሱን በፊቱ ቆዳ እየለየ ይነዳ ነበር። ታናሹ ናትናኤል ደግሞ ከጎኑ ሳይለይ ዓይን ሆነለት።

በ1860 ዓ.ም. ናትናኤል የ12 ዓመት ልጅ ሳለ፣ ጆን ከአባቱ ጋር ሆኖ ስፕራይት የተባለች 6 ሜትር ያህል ርዝመት ያላት የሸራ ጀልባ ሠራ። የጀልባይቱ መልክ በቅድሚያ በትንሽ እንጨት ተቀርጾ ነበርና፣ ከዚያ ቅርጽ ላይ ልኩን እየወሰዱ ወደ ትልቁ መጠን የማብዛቱ ሥራ ለናትናኤል ተሰጠው። ይህ ለ12 ዓመት ልጅ ቀላል ሥራ አልነበረም። ትንሹ ቅርጽ የትልቁ አንድ አሥራ ሁለተኛ ቢሆን፣ በትንሹ ላይ የተሳሳተች አንዲት ሴንቲሜትር በትልቁ ላይ 12 ሴንቲሜትር ሆና ትወጣለች። ልጁ ግን ልኩን በትክክል አወጣ። በዚያው ዓመት ስፕራይት እስከ ኒውዮርክ ድረስ ተጉዛ፣ በጊዜው ከመርከቦች ሁሉ ትበልጥ የነበረችውን ግሬት ኢስተርንን ለማየት ከሄዱት ጀልባዎች አንዷ ሆነች።

ትምህርቱና የመጀመሪያ ሥራው

ናትናኤል በ1866 ዓ.ም. በቦስተን ከተማ ወደሚገኘው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ገብቶ የመካኒካል ኢንጂኒየሪንግ ትምህርት ተማረ። ተቋሙ ማስተማር ከጀመረ ገና ብዙ ጊዜ አልሆነውም ነበር። ከዚያም በፕሮቪደንስ ከተማ የኮርሊስ የእንፋሎት ሞተር ፋብሪካ ሠራተኛ ሆኖ ዘጠኝ ዓመት ያህል አገለገለ። ይሁን እንጂ ከሥራ ሰዓት በኋላ ሐሳቡ ሁሉ ወደ ጀልባ ነበር።

በ1876 ዓ.ም. አማሪሊስ የምትባል ጀልባ ሠርቶ ኒውዮርክ ላይ ለውድድር አቀረበ። አማሪሊስ እንደ ሌሎቹ አንድ አካል ያላት ሳትሆን፣ ሁለት ቀጫጭን ጀልባዎች ጎን ለጎን ተራርቀው በድልድይ የተያያዙባት ነበረች። አህያ ጭነቱ ግራና ቀኝ እኩል ሲሆን እንደማይዘነብልበት ሁሉ፣ አማሪሊስም በስፋቷ ሚዛኗን ትጠብቅ ነበር። ተወዳዳሪዎቿን ሁሉ ጥላ ሄደች። ነገር ግን ሌሎቹ ባለ ጀልባዎች ይህች የእኛ ዓይነት ጀልባ አይደለችም ብለው ስለ ተቃወሙ ሽልማቱ ተከለከለች። ከዚህ በኋላ ናትናኤል አንድ አካል ያለውን ጀልባ በስፋት ሳይሆን በሌላ ብልሃት ቀጥ አድርጎ የሚያቆምበትን መንገድ መፈለግ ነበረበት።

በ1878 ዓ.ም. ናትናኤል የፋብሪካውን ሥራ ትቶ ከወንድሙ ከጆን ጋር በብሪስቶል የሄሬሾፍ ማኑፋክቸሪንግ ኩባንያን አቋቋመ። ሥራውንም ተካፈሉ። ናትናኤል ነዳፊውና መሐንዲሱ ሆነ። ጆን ደግሞ ደንበኞችን ማነጋገር፣ እንጨቱንና ብረቱን መግዛት፣ ዋጋውንም በቃሉ አስልቶ መቁረጥ የእርሱ ፈንታ ሆነ። በመጀመሪያዎቹ ዓመቶች የሚሠሩት በአብዛኛው ፈጣን የእንፋሎት ጀልባዎችን ነበር። በ1888 ዓ.ም. ግን ሴይ ዌን የተባለችው የእንፋሎት ጀልባ በሙከራ ላይ ሳለች ከቦይለሯ ቧንቧ አንዱ ፈንድቶ የአንድ ሠራተኛ ሕይወት ጠፋ። ናትናኤልም የእንፋሎት መሐንዲስነት ፈቃዱን አጣ። ከዚህ በኋላ ልቡን ወደ ሸራ ጀልባ መለሰ። ዛሬ የሚታወቅበትም ሥራ ከዚያ ወዲህ የሠራው ነው።

ኪል ምን ያደርጋል?

የሄሬሾፍን ሥራ ለመረዳት የባሕር ሰዎች ኪል የሚሉትን የጀልባ ክፍል ማወቅ ያስፈልጋል። ኪል ማለት ከጀልባው ሆድ ሥር ከፊት ወደ ኋላ የተዘረጋ፣ ወደ ውሃው ውስጥ የሚወርድ አከርካሪ ወይም ክንፍ ማለት ነው። የአገራችን የጣና ታንኳ ይህ የለውም። ታንኳው ከደንገል ታስሮ የሚሠራ፣ በእንጨት እየተገፋ ወይም እየተቀዘፈ የሚሄድ ስለ ሆነ ነፋስ የሚገለብጠው ሸራ የለበትም። ሸራ ለሚሸከም ጀልባ ግን ኪል ሁለት ታላላቅ ሥራዎችን ይሠራል።

የመጀመሪያው ሥራ ወደ ጎን መንሸራተትን መከልከል ነው። ነፋስ ከጎን ሲመጣ ጀልባውን ወደ ጎን ሊገፋው ይፈልጋል። ኪሉ በሰፊው ጎኑ ውሃውን ተደግፎ ስለሚቆም ይህን ግፊት ይቋቋማል። ወደ ፊት ግን በቀጭኑ በኩል ስለሚሄድ ውሃውን እንደ ቢላ እየሰነጠቀ ያልፋል። ስለዚህ ጀልባው ነፋሱ ወደሚወስደው ሳይሆን ነጂው ወደሚፈልገው አቅጣጫ ሊሄድ ይችላል።

ሁለተኛው ሥራ ጀልባውን ቀጥ ማድረግ ነው። ነፋሱ ሸራውን ገፍቶ ጀልባውን ሲያዘነብለው ኪሉ ወደ ሌላው ጎን ይወጣል። በኪሉ ጫፍ ክብደት ካለ ያ ክብደት ወደ ታች ለመመለስ ሲታገል ጀልባውን ያቀናዋል። ለዚህም ከሁሉ የሚመረጠው እርሳስ የተባለው ማዕድን ነው። እርሳስ ከእኩል መጠን ውሃ ከ11 ጊዜ በላይ ይከብዳልና በጠባብ ቦታ ብዙ ክብደት ለማኖር ይመቻል።

ማንም ተማሪ ይህን በሳፋ ውሃ ሊፈትነው ይችላል። ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ክዳኑን ዘግተን በውሃው ላይ ብናስተኛው በየትም በኩል ይንከባለላል። ጥቂት ምስማሮች በአንድ ጎኑ ብናስርበት ግን የፈለግነውን ያህል ብናዞረው ምስማሩ ያለበት ጎን ተመልሶ ወደ ታች ይሆናል። እነዚያኑ ምስማሮች ከጠርሙሱ ዝቅ ብሎ በሚወርድ እንጨት ጫፍ ላይ ብናስራቸው ደግሞ ጠርሙሱን ማዘንበል ይበልጥ ያስቸግራል። ምስማሩ አልጨመረም፤ የራቀው ቦታው ብቻ ነው። ይህ የማንሻ ሕግ ነው። በአንድ ሜትር ጥልቀት ላይ ያለ 100 ኪሎ በሁለት ሜትር ጥልቀት ላይ ካለ 50 ኪሎ ጋር የሚቀራረብ ሥራ ይሠራል።

እንግዲህ ኪሉን እንደ ልብ ማርዘም ነው የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ኪሉ ሲረዝም ጀልባው ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ መሬት ይነካል። ከጀልባው ጋር የተያያዘበትም ቦታ በብዙ ኃይል ይጠመዘዛል። ስፋቱ ሲጨምር ውሃው ከገጹ ጋር የሚፋተግበት ቦታ ስለሚበዛ ፍጥነት ይቀንሳል። ክብደቱ ሲበዛ ጀልባው በውሃው ውስጥ ይሰምጣል። ከሸራው አንጻር ያለበት ቦታም ይቆጠራል። ኪሉ ከሚገባው ወደ ፊት ቢሆን የጀልባው አፍንጫ ወደ ነፋሱ እየዞረ ነጂውን ያደክማል፤ ወደ ኋላ ቢሆን ደግሞ ከነፋሱ ይሸሻል። በቤቱ ትንሽ የውድድር ጀልባ ለመሥራት የተነሣ ሰውም ሆነ ታላቅ መሐንዲስ የሚያደርገው አንድ ነው፤ ክብደትን፣ ጥልቀትን፣ ስፋትንና ቦታን እርስ በርሳቸው ማስማማት ነው።

በቢላ የሚነድፍ መሐንዲስ

በአማርኛችን እርሳስ የሚለው ቃል ማዕድኑንም መጻፊያውንም ይጠራል። ሄሬሾፍ ማዕድኑን በቶን ሲጠቀም፣ የጀልባውን መልክ ለመፍጠር ግን በመጻፊያው አይጀምርም ነበር። የጀልባውን ግማሽ አካል ከለስላሳ እንጨት በቢላና በመላጊያ ይቀርጻል። ግማሹን ብቻ የሚቀርጸው የጀልባ ግራና ቀኝ አንድ ስለ ሆነ ነው። ከዚያም ራሱ በሠራው የመለኪያ መሣሪያ የቅርጹን ልክ እያነሣ ወደ ሙሉው መጠን ያበዛዋል። በ12 ዓመቱ በስፕራይት ላይ የጀመረውን ሥራ እስከ ሽምግልናው አልተወውም ማለት ነው።

ይህ አሠራር ለጆንም የተመቸ ነበር። በወረቀት ላይ የተሳለ ንድፍ ለዓይነ ስውር ሰው ምንም አይነግረውም። የእንጨቱን ቅርጽ ግን ጆን በጣቱ ከፊት እስከ ኋላ ዳስሶ ጀልባው ምን ዓይነት እንደሚሆን ያውቅ ነበር። ስለዚህ ሁለቱ ወንድማማቾች አንድን ጀልባ ገና ሳይሠራ በአንድነት ሊመረምሩት ቻሉ።

በ1891 ዓ.ም. ናትናኤል ሁለት ስመ ጥር ጀልባዎች ሠራ። አንደኛዋ ግሎሪያና ናት። በዚያ ዓመት በገባችባቸው ስምንት ውድድሮች ሁሉ አሸነፈች። ሁለተኛዋ ዲሌማ ስትሆን ከግሎሪያና ይበልጥ እንግዳ ነበረች። ከሆዷ ሥር ቀጭን የብረት ክንፍ ወርዶ በክንፉ ጫፍ ላይ እንደ ሲጋር የሾለ የእርሳስ ድብልብል ተያይዞ ነበር። ክንፉ ቀጭን ስለ ሆነ ከውሃው ጋር ያለው ፍትጊያ ጥቂት ነው። ክብደቱ ደግሞ ሁሉ ከታች ተሰብስቧል። ዛሬም በዓለም ላይ የሚሠሩት አብዛኞቹ የውድድር ጀልባዎች ኪላቸው ይህንኑ ሐሳብ የተከተለ ነው።

ታላላቆቹ ውድድሮች

በሸራ ጀልባ ዓለም ከውድድሮች ሁሉ ታላቁ የአሜሪካ ዋንጫ ይባላል። ዋንጫውን በ1851 ዓ.ም. አሜሪካ የተባለች ጀልባ በእንግሊዝ አገር አሸንፋ ወስዳዋለች። እንግሊዞችም ለማስመለስ ደጋግመው ሞክረዋል። ከ1893 እስከ 1920 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ዋንጫውን ስድስት ጊዜ የጠበቁት ጀልባዎች ሁሉ የሄሬሾፍ ሥራዎች ናቸው። እነርሱም በ1893 ቪጂላንት፣ በ1895 ዲፌንደር፣ በ1899ና በ1901 ኮሎምቢያ፣ በ1903 ሪላያንስ፣ በ1920 ሪዞሉት ነበሩ። ቪጂላንት ወደ ላይና ወደ ታች የሚንቀሳቀስ ሰሌዳ የነበራት ስትሆን፣ በዲፌንደር ሄሬሾፍ በጥልቅ ኪል ላይ ተማመነ።

ከእነዚህ ውድድሮች በአራቱ ተሸናፊው ስሙን በየቤታችን በሻይ ሣጥን ላይ የምናነበው ሰር ቶማስ ሊፕተን ነበረ። ይህ የሻይ ነጋዴ ሻምሮክ እያለ የሰየማቸውን ጀልባዎች ይዞ ባሕር አቋርጦ ይመጣል፤ ሳያሸንፍም በመልካም ፈገግታ ይመለሳል። በ1920 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሁለት ግጥሚያዎች አሸንፎ ዋንጫው በእጁ ሊገባ አንዲት ድል ብቻ ቀርታው ነበር። ሪዞሉት ግን የቀሩትን ሦስቱን በተከታታይ አሸነፈች።

ከሁሉ ትልቋ ሪላያንስ ነበረች። የአካሏ ርዝመት 44 ሜትር ያህል፣ የሸራዋ ስፋት ወደ 1,500 ካሬ ሜትር የሚጠጋ ነበር። በኪሏ ውስጥ 100 ቶን ገደማ እርሳስ ተሸክማለች። እንዲህ ያለችውን ጀልባ የፈጠራት የዚያ ዘመን የውድድር ሕግ ነው። ሕጉ ይለካ የነበረው በውሃው ላይ ያለውን ርዝመትና የሸራውን ስፋት ስለ ነበረ፣ ነዳፊዎች የቀረውን ሁሉ እስከ መጨረሻው ይለጥጡ ነበር። ሄሬሾፍም ከሁሉ ይበልጥ ለጠጠው። ነገር ግን ጀልባዎች እንዲህ እየሆኑ ቢሄዱ ከአንድ ውድድር በቀር ለምንም እንደማይጠቅሙ ስለ ተረዳ፣ በዚያው ዘመን የጀልባውን ክብደት ጭምር የሚቆጥር አዲስ የመለኪያ ሕግ ራሱ አወጣ። ከሕጉ ቀዳዳ ከሁሉ ይበልጥ የተጠቀመው ሰው ቀዳዳውን ለመድፈን የተነሣ መሆኑ ለእኛ ከድሎቹ የማያንስ ሆኖ ታይቶናል። ሪላያንስ ግን ዕድሜዋ አጭር ሆነ። በ1913 ዓ.ም. ፈራርሳ ብረቷና እርሳሷ ተሸጠ።

ለልጆች የተሠራችው ጀልባ

ሪላያንስ በፈረሰች በማግስቱ ዓመት፣ በ1914 ዓ.ም.፣ ለሄሬሾፍ ሌላ ዓይነት ጥያቄ ቀረበለት። በማሳቹሴትስ ግዛት በዛርድስ ቤይ በተባለው ባሕረ ሰላጤ የሚኖሩ ወላጆች ልጆቻቸው የሸራ አነዳድ የሚማሩባት ትንሽ ጀልባ ፈለጉ። የባሕረ ሰላጤው ነፋስ ብርቱ፣ ማዕበሉም አጭርና ተደጋጋሚ ነው። ስለዚህ ጀልባይቱ ለውድድር የምትፈጥን፣ ልጅ ቢሳሳትም የማትገለበጥ መሆን ነበረባት።

ሄሬሾፍ ዕድሜው 66 ዓመት ነበር። ለነገሥታት ስጦታ በሚመጥን ዋጋ ለሚያሠሩ ባለጠጎች የሠራበትን ዕውቀት ሁሉ 4.8 ሜትር ርዝመት ባላት ጀልባ ውስጥ አኖረ። እዚህ ላይ የዲሌማን ቀጭን ክንፍ አልተጠቀመም። ቀጭን ክንፍ በፍጥነት የሚታጠፍ፣ የተካነ እጅ የሚሻ ነውና። ለልጆቹ የመረጠው ከጀልባይቱ አካል ጋር ቀስ ብሎ የሚዋሐድ ረጅም ኪል ነው። ረጅም ኪል ጀልባዋን ቀጥ ባለ መንገድ ይመራታል፤ መሪውን የያዘ ልጅ ለአፍታ ቢዘናጋም ወዲያው አትዞርበትም። ጥልቀቱ 76 ሴንቲሜትር ብቻ ስለ ሆነም ከዳርቻው ብዙ ሳይርቁ ሊነዷት ይችላሉ። ከሥሩ ያለው እርሳስ 333 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ይህም ከጀልባይቱ ክብደት ግማሽ ገደማ ነው። እንግዲህ ልጁ ከላይ የሚያየው እንጨትና ሸራ ሲሆን፣ ከክብደቷ ግማሽ የሚያህለው በማይታይበት ቦታ ይጠብቀው ነበር።

ይህች ጀልባ በውሃ ላይ ያላት ርዝመት 12 ጫማ ተኩል ስለ ሆነ በዚሁ ቁጥር ትጠራለች። ኩባንያው እስከ 1943 ዓ.ም. ድረስ ከ350 በላይ የሚሆኑትን ሠርቷል። ከእነርሱም ብዙዎቹ እስከ ዛሬ በውሃ ላይ ናቸው፤ ይወዳደራሉም።

የመጨረሻ ዘመኑ

በ1915 ዓ.ም. ወንድሙ ጆን ዐረፈ። ከሁለት ዓመት በኋላ ኩባንያው ለሌሎች ባለ ገንዘቦች ተሸጠ። ናትናኤል ግን በብሪስቶል ቤቱ ተቀምጦ መቅረጹን አልተወም። ንግግር የማያበዛ፣ ስለ ድሉ መናገር የማይወድ ሰው እንደ ነበረ ይነገርለታል። ከልጆቹም መካከል የጀልባ ነዳፊነትን የወረሱ አሉ። በተወለደበት ከተማ በ90 ዓመቱ ጁን 2 ቀን 1938 ዓ.ም. ዐረፈ። በልጅነቱ ልኳን ያወጣላት ስፕራይት በዚያችው ከተማ በስሙ በተቋቋመው ሙዚየም ትገኛለች።

ስለዚህ ሰው ስናስብ አንድ ነገር ጎልቶ ይታየናል። 100 ቶን እርሳስ የተሸከመችው ታላቅ ጀልባ ዋንጫ ካመጣች በኋላ በአሥር ዓመት ገደማ ወደ ቁርጥራጭ ብረት ተለወጠች። ሦስት መቶ ኪሎ ጥቂት ፈሪ የያዘችው የልጆች ጀልባ ግን ከመቶ ዓመት በኋላም ታስተምራለች። በሁለቱም ውስጥ ያለው የማንሻ ሕግ አንድ ነው፤ የተለየው ለማን እንደ ተሠሩ ነው። እኛ ተማሪዎች በክፍል ውስጥ የምንሰበስበው ዕውቀት ዛሬ እንደ ኪሉ እርሳስ ከባድና የማይታይ ሊመስለን ይችላል። ወላጆቻችንና መምህራኖቻችን ግን ይህን ክብደት በትክክለኛው ቦታ ሊያኖሩልን ይደክማሉ። ከመካከላችን ወደፊት መሐንዲስ የሚሆን ቢኖር፣ ታላቁን ሥራ ከሠራ በኋላ ለሰፈሩ ልጆች የሚሆነውንም ትንሹን እንዲሠራ እንመኝለታለን።